ማርቲንስቪል ለናስካር የምትሄዱ፣ ቅዳሜን አትዝለሉ

ናስካር የሚባለውን የአሜሪካ የመኪና ውድድር ለማየት ማርቲንስቪል ድረስ የምትሄዱ ከሆነ የእሑዱን ትኬት ብቻ ቆርጣችሁ አትሂዱ። ቅዳሜ ጠዋት ተገኙ። እሑድ ከትሪቡን የሚታየው ያለቀ ሥራ ነው፤ ሥራው ሲሠራ የሚታየው ቅዳሜ፣ ጋራዡ ውስጥ ነው። እኔ ከአጎቴ ጋር ሄጄ ሁለቱንም ቀን ከውስጥ አይቻለሁ። በዲሲ አካባቢ ያሉ ወዳጆቼ «እንዴት ገባችሁ? ምን ይዘን እንሂድ? ሐበሻ እዚያ ሲሄድ እንዴት ነው?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ ለሁሉም በአንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። ማርቲንስቪል ስፒድዌይ በደቡብ ቨርጂኒያ፣ ከኖርዝ ካሮላይና ድንበር አጠገብ የሚገኝ ትንሽ የውድድር ሜዳ ነው። የተከፈተው በ1947 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ናስካር ራሱ የተመሠረተው በ1948 ስለሆነ ሜዳው በዕድሜ ይበልጠዋል። አንድ ዙሩ 0.526 ማይል፣ ማለትም 850 ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ቀጥታ መንገዶች አስፋልት፣ ጫፍና ጫፍ ያሉት ጠባብ ኩርባዎች ኮንክሪት ናቸው። ፍሎሪዳ ያለው ትልቁ ሜዳ፣ ዴይቶና ሄዳችሁ ከሆነ እዚያ አንዱ ዙር 2.5 ማይል ነው፤ መኪናው ዐይናችሁ ሥር አልፎ ወዲያው ይርቃል። ማርቲንስቪል ግን አንድ ዙር የሚፈጀው 20 ሰከንድ አካባቢ ነው፤ ወንበራችሁ ላይ ሆናችሁ ሙሉውን ታያላችሁ። ጋራዡም ሜዳው መሃል ተጨናንቆ የተቀመጠ ስለሆነ ከመካኒኮቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው የምትቆሙት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ ሜዳ አለ ብዬ አላምንም።

አሁን መግቢያው። ጋራዥ የሚያስገባው ፈቃድ ሁለት ዓይነት ነው። «ኮልድ ፓስ» የሚሉት መኪኖቹ ሞተር አስነሥተው ወደ ሜዳ እስኪወጡ ድረስ ብቻ ያገለግላል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ያስወጧችኋል። «ሆት ፓስ» የሚሉት ደግሞ ልምምዱም ሆነ ውድድሩ እየተካሄደ እዚያው ያቆያችኋል። ሆት ፓስ ትኬት መሸጫ መስኮት ላይ ሄዶ የሚገዛ ነገር አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በቡድኖቹና በስፖንሰሮቻቸው በኩል ነው። እኛ ያገኘነው እኔ ለምሠራበት ጋራዥ መለዋወጫ የሚያቀርብ ድርጅት ከአንዱ ቡድን ጋር ስለሚሠራ ነው። ስለዚህ በመኪና ዕቃ፣ በሞተር ዘይት፣ በጭነት ወይም በሸቀጥ ንግድ ላይ ያላችሁ ዕቃ የሚያመጣላችሁን ሰው ጠይቁት። መጠየቅ አያስነውርም፤ ስፖንሰሮቹ ፈቃዱን የሚወስዱት ለደንበኞቻቸው ለመስጠት ነው። ያ ካልተሳካ ሜዳው ራሱ የሚሸጠው የቅድመ ውድድር መግቢያ አለ። እሑድ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ሜዳው ላይ ወርዳችሁ መኪኖቹን ከቅርብ ታያላችሁ። ዋጋውና ሰዓቱ ስለሚለዋወጥ ከሜዳው ድረ ገጽ አይታችሁ ቀደም ብላችሁ ግዙ።

መንገዱን ከሰሜን ቨርጂኒያ በ29 ቁጥር ያዙት። በሻርለትስቪልና በሊንችበርግ አልፎ ዳንቪል ያደርሳችኋል፤ ከዚያ በ58 ቁጥር ወደ ምዕራብ ትታጠፋላችሁ። በጠቅላላው አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ሌላ መንገድ ቢኖርም ይህን የምመርጠው ዳንቪልን እንድታዩት ነው፤ የዌንደል ስኮት ከተማ ነው።

ዌንደል ስኮት በ1921 ዳንቪል ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ጦር ውስጥ መካኒክ ነበር፤ ሲመለስ የራሱን ጋራዥ ከፈተ። በ1952 መወዳደር ጀመረ። ጥቁር ሰው በብዙ ሆቴልና ምግብ ቤት በማይስተናገድበት በዚያ ዘመን ሞተሩን ራሱ እየሠራ፣ መኪናውን ራሱ እየጎተተ ከሜዳ ሜዳ ይዞራል፣ ልጆቹ ጎማ ይቀይሩለታል። ዲሴምበር 1፣ 1963 በጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ ሁለት ዙር ቀድሞ ገባ። አዘጋጆቹ ግን አሸናፊ ብለው ያወጁት ሌላውን፣ ነጩን ተወዳዳሪ ነው፤ ዋንጫውንም የወሰደው እሱ ነው። ሰዉ ከተበተነ በኋላ የቆጠራ ስሕተት ነበር ተብሎ ድሉ ለስኮት ተመዘገበ፤ ዋንጫው ግን በሕይወት እያለ እጁ አልገባም። በ1990 ሞተ። በ2015 የናስካር የዝና አዳራሽ ገባ፤ ቤተሰቡ ለዚያ ድል ከናስካር ዋንጫ የተረከበው በ2021 ነው።

ዳንቪል ውስጥ የመታሰቢያ ሰሌዳ ቆሞለታል። አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሶማሌ ተራ በመካኒክነት የኖሩ ሰው ናቸው። ሰሌዳውን እያነበብኩ ተረጎምኩላቸው።

«ሞተሩን ማን ነው የሚሠራለት?» አሉኝ።

«ራሱ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው ያሸነፈውም ራሱ ነው» አሉና ባርኔጣቸውን አውልቀው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ በኋላ በሁለቱም ቀን ማንንም መኪና ሲያዩ የሚጠይቁት ስለ ነጂው አልነበረም፤ ማን እንደሠራው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በጊዜ ድረሱ። የመግቢያ ፈቃዱን ከሚሰጡበት ቢሮ መታወቂያ አሳይታችሁ፣ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነቱ የእኔ ነው የሚለውን ወረቀት ፈርማችሁ ትቀበላላችሁ። ፈቃዱን አንገታችሁ ላይ እንደታየ አድርጉት፤ በየበሩ ያዩታል። ረጅም ሱሪና ጣት የማያሳይ ጫማ የግድ ነው፤ ቁምጣና ሰንደል አድርጎ የመጣ ሰው ከበር ሲመለስ አይተናል። ለጆሮ መሰኪያ ውሰዱ። ለልጆችና ለሽማግሌ ደግሞ ጆሮን ሙሉ የሚሸፍነውን ዓይነት ግዙ፤ ይህን አቅልላችሁ አትዩት፤ ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ጠዋቱ ብርድ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይሞቃል፤ ደራርባችሁ ልበሱ።

ጋራዡ ውስጥ ስትገቡ የመጀመሪያው ሕግ ምንም አለመንካት ነው። ሁለተኛው፣ ከመኪናውና ከመሣሪያ ሣጥኑ መካከል አለመቆም። ሦስተኛውን ማንም አይነግራችሁም፦ ኋላችሁን እያያችሁ ተራመዱ። መኪኖቹ ወደ ፍተሻ የሚሄዱት ሞተራቸው ጠፍቶ፣ በሰው እጅ እየተገፉ ነው፤ ሲመጡ አይሰሙም። ገፊዎቹም ለማንም አይቆሙም።

ፍተሻውን ቆማችሁ እዩት። መኪናው ድንኳን ውስጥ ይገባና ካሜራዎች መላ አካሉን ይለኩታል፤ ቅርጹ ከተፈቀደው ልክ በትንሹ እንኳ ከወጣ ይመለሳል። ደጋግሞ የወደቀ ቡድን አንድ ባለሙያው ከሜዳው ሊባረርበት ይችላል። ከ2022 ጀምሮ ሁሉም ቡድን የሚገዛቸው አብዛኞቹ ክፍሎች፣ እያንዳንዱ ዓይነት ከአንድ አቅራቢ የሚመጡ፣ ተመሳሳይ ናቸው። ሻንሲው፣ ካምቢዮው፣ ቸርኬው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ታዲያ አንዱ ከሌላው የሚቀድመው በምንድን ነው? መልሱ በነዚያ ጠባብ ልኮች ውስጥ ማን የበለጠ ተጠቀመ የሚለው ነው። የመካኒክ ፊት ላይ የሚታየው ጭንቀት ከዚያ ነው የሚመጣው።

እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ የጎማው ሥራ ነው። ልምምድ ጨርሶ የገባ መኪና ጎማው ወልቆ አንድ ወጣት ሠራተኛ ፊት ይደረደራል። ጎማው ላይ ከሜዳው የለቀመው ላስቲክ ተለጥፎበታል። ልጁ በአንድ እጁ ትኩስ አየር የሚተፋ መሣሪያ፣ በሌላው ስፓቱላ ይዞ፣ የተለጠፈውን እያለሰለሰ በቀጭኑ ይልጠዋል። ሲላጥ ሥሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይወጣሉ። በየቀዳዳው መለኪያውን ያስገባና ምን ያህል እንደቀረ ያነባል። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ጓደኛው ይጽፋል። ውስጠኛው ጠርዝ፣ መሃሉ፣ ውጨኛው ጠርዝ፤ ደግሞ ቀጣዩ ጎማ። ከነዚያ ቁጥሮች ነው የቡድኑ አለቃ የጎማውን አቀማመጥና ንፋስ የሚያስተካክለው። የሚሞሉትም ተራ አየር አይደለም፤ ሙቀት ሲጨምር ግፊቱ ብዙ እንዳይለዋወጥ ናይትሮጂን ነው። ጎማዎቹ የቡድኑ ንብረት እንኳ አይደሉም፤ ከጎማ አምራቹ ከጉድይር በኪራይ ይወስዷቸውና ሲያበቃ ይመልሷቸዋል።

አጎቴ ከዚያ ቦታ አልንቀሳቀስ አሉ። እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ረጅም ጊዜ ቆሙ። ልጁ አያቸውና ምናልባት አቋቋማቸው ነግሮት ይሆናል፣ «መካኒክ ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ ስለው መለኪያውን ሰጣቸው። አጎቴ መነጽራቸውን አወረዱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ቀዳዳው ውስጥ አስገብተው አነበቡ። ያነበቡትን በአማርኛ ተናገሩ፣ እኔ ተረጎምኩ፤ ልጁ ወረቀቱን አይቶ «ልክ ነው» አለ።

«ጎሚስታ ቤት ቢሆን ይኼን ጎማ አልቋል ብለን እንጥለው ነበር» አሉኝ ስንሄድ። «እነሱ አለቀ አይሉም፣ ለምን እዚህ ጋ አለቀ ነው የሚሉት።»

ማርቲንስቪል የፍሬን ሜዳ ነው ይባላል፤ ሂሳቡ ቀላል ነው። እኛ ያየነው የኦክቶበሩ ውድድር 500 ዙር ነው። በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ፣ ከቀጥታው መንገድ ፍጥነት ወደ ጠባቡ ኩርባ ለመግባት ፍሬን ሙሉ በሙሉ ይያዛል። አንድ ሺህ ጊዜ ማለት ነው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ። መኪናው ደግሞ ከ1,400 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ልምምድ ጨርሶ ገና የቆመ መኪና አጠገብ ስታልፉ ከቸርኬው የሚወጣው ሙቀት እግራችሁን ይነካችኋል፤ ሽታው ደግሞ ወዲያው ይታወቃል። አጎቴ ቆም ብለው አሸተቱና «ዓባይ በረሃን የወረደ ኤንትሬ!» አሉ ጮክ ብለው። እሑድ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወደ ኩርባው የሚገቡትን መኪኖች ጎማ ትኩር ብላችሁ እዩ፤ የፍሬኑ ዲስክ ቀልቶ ይታያል።

ስለ ነጂዎቹ ትንሽ ልበል። ፊርማ ወይም ፎቶ የምትፈልጉ ከሆነ ነጂው ከተሳቢው ወርዶ ወደ መኪናው ሲሄድ አታስቁሙት፤ ያኔ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። ልምምዱ አልቆ፣ ከባለሙያዎቹ ጋር ተነጋግሮ ወደ ተሳቢው ሲመለስ ጠብቁት። ተሳቢዎቹ በራሳቸው መታየት ያለባቸው ናቸው፤ ላይኛው ፎቅ መኪና ይጫንበታል፣ ታችኛው ጋራዥና ቢሮ ነው።

ምግብ። ይህ ሜዳ በሆትዶጉ የታወቀ ነው፤ ቀዩ ሆትዶግ ላይ ቺሊ፣ የተከተፈ ጥቅል ጎመን፣ ሽንኩርትና ሰናፍጭ ያደርጉበታል። የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰው ሳይጠይቅ አይግዛ። ጊዜው ጽጌ ስለነበረና አጎቴም ስለሚጾሙ እኛ ስንቃችንን ይዘን ነው የሄድነው፤ እንጀራ በሽሮ ጠቅልለን፣ ቆሎ፣ ሙዝና ውኃ። በጨርቅ የተሠራ ትንሽ ማቀዝቀዣ ቦርሳ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ ልኩን ከሜዳው ሕግ ላይ እዩት። ጠንካራ የፕላስቲክ ሣጥንና ጠርሙስ ተዉት።

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ሌላው ጥያቄ «ጥቁር ሆኖ እዚያ መሄድ አያስፈራም ወይ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የስኮትን ታሪክ የሰማ ሰው ይጠይቃል። የኮንፌደሬት ባንዲራ፣ ማለትም በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነትን ለማቆየት የተዋጉት የደቡብ ግዛቶች ባንዲራ፣ በናስካር ሜዳዎች የተከለከለው ጁን 10፣ 2020 ነው፤ በዚያው ቀን ማታ ውድድሩ የነበረው እዚሁ ማርቲንስቪል ነው። ነጂው በባ ዋላስ በ2013 በፒክአፕ መኪኖች ውድድር፣ በትራክ ሲሪስ አሸንፎ ከስኮት በኋላ በናስካር ሀገር አቀፍ ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር የሆነውም እዚሁ ሜዳ ላይ ነው። በከፍተኛው ደረጃ፣ በካፕ ሲሪስ ደግሞ በ2021 ታላዴጋ በሚባለው ሜዳ ላይ አሸነፈ። መንገድ ዳር፣ በግል ግቢ ውስጥ ባንዲራው ተሰቅሎ አይተናል፤ ሜዳው ውስጥ ግን አላየንም። ትሪቡኑ ላይ አብዛኛው ሰው ነጭ ነው። እኛን ያነጋገረን ሰው ሁሉ ያነጋገረን ስለ መኪና ነው፤ ከኋላችን የተቀመጡት ባልና ሚስት ለአጎቴ ብርድ ልብስ አውሰዋቸዋል። የሌላው ሰው ተሞክሮ የግድ እንደዚህ ይሆናል ብዬ ቃል አልገባም። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለመሄድ ግን እኔ አላመነታም።

እሑድ ውድድሩ የሚጀመረው በጸሎት ነው። አንድ ሰባኪ ማይክራፎን ይዞ ይጸልያል፣ ሰዉ ሁሉ ይነሣል፣ ባርኔጣ ይወልቃል፤ ከዚያ ብሔራዊ መዝሙሩ ይከተላል። አጎቴ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ እያማተቡ ነበር የቆሙት።

ውድድሩ ሲጀመር ግማሹን መኪኖቹ ጎማ ለመቀየርና ነዳጅ ለመሙላት ከሚቆሙበት ከፒቱ ጀርባ፣ ግማሹን ከትሪቡን ብታዩት ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የሬዲዮ መስሚያ ተከራዩ። ሜዳው ላይ የሚያከራዩ አሉ። በሱ ነጂው፣ የቡድኑ አለቃና ጣሪያ ላይ ቆሞ ለነጂው መንገድ የሚያሳየው ስፖተር የሚነጋገሩትን በቀጥታ ትሰማላችሁ። ሁሉንም ልስማ ካላችሁ ይምታታባችኋል፤ አንድ ነጂ ምረጡና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሱን ብቻ ስሙ። ነጂው «ኩርባው መሃል ላይ አልታጠፍ እያለኝ ነው» ሲል፣ አለቃው ስንት ንፋስ እንደሚቀንስ ሲነግረው፣ ከዚያ ፒት ገብቶ ሲወጣ ተሻለው አልተሻለው ስትሰሙ፣ ቅዳሜ ያያችሁት የስፓቱላ ሥራ ምን እንደነበር ይገባችኋል። እኔ ለአጎቴ እየተረጎምኩ፣ እሳቸው ደግሞ ቀጥሎ ምን መደረግ እንዳለበት እየገመቱ ነበር ያመሸነው፤ ብዙ ጊዜም ገምተው አግኝተዋል።

የጎማ ቅየራውን ከቅርብ ሳታዩ እንዳትመለሱ። አጥሩን ዘለው የሚወጡት አምስት ሰዎች ናቸው፦ ሁለቱ ጎማ ፈቺዎች፣ አንዱ ጎማ ተሸካሚ፣ አንዱ ክሪክ የያዘ፣ አንዱ ነዳጅ ቀጂ። ድሮ አንድ ጎማ አምስት ዳዶ ነበረው፤ ከ2022 ወዲህ መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ ዳዶ ብቻ ነው። መኪናው ሲቆም ቀኙ ይነሣል፣ ሁለቱ ጎማዎች ይቀየራሉ፣ ይወርዳል፤ በፊት በኩል ዞረው ግራውን ያነሣሉ። አራቱም ጎማ ተቀይሮ፣ ነዳጅ ተሞልቶ በ10 ሰከንድ አካባቢ ያልቃል። ዐይናችሁን ባለ ክሪኩ ላይ አድርጉ። ነጂው የሚነሣው ክሪኩ ሲወርድ ነው፤ ከአምስቱ አንዱ ቢዘገይ ያ ሰው ማየትና መጠበቅ አለበት።

ከመጨረሻው ኩርባ አጠገብ ያለውን ግድግዳም እዩት። ኦክቶበር 30፣ 2022 ሮስ ቻስቴይን በመጨረሻው ዙር ፍሬን መያዝ ትቶ፣ ነዳጅ ረግጦ፣ መኪናውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አምስት መኪና ያለፈው እዚያ ነው። ያንን ዙር ከ19 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ጨርሶ ለሻምፒዮናው ፍጻሜ አለፈ፤ ናስካር ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለውን አነዳድ ከልክሏል። አሸናፊው ዋንጫ ሳይሆን በቁመት የሚቆም ትልቅ የእንጨት ሰዓት ይሸለማል፤ ከ1964 ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው።

ማደሪያ ማርቲንስቪል ከተማ ውስጥ ጥቂት ነው፣ ዋጋውም በዚያ ሳምንት ይሰቀላል። ዳንቪል ወይም ግሪንስቦሮ ያዙ። እሑድ ማታ መውጫው ይጨናነቃል፤ መኪናችሁ ውስጥ ገብታችሁ ከምትናደዱ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ውጡ። ተሳቢዎቹ የሚጫኑት ያኔ ነው፤ ሆት ፓስ ያለው ሰው እዚያው ቆሞ ማየት ይችላል።

ፈቃዱ አልገኝ ያላችሁ፣ ወይም ገንዘቡ የከበዳችሁ፣ ከዳንቪል በስተምሥራቅ ሳውዝ ቦስተን ስፒድዌይ አለላችሁ። ከ1957 ጀምሮ ያለ የ0.4 ማይል ሜዳ ነው። የሚወዳደሩት የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ ቀን ሌላ ሥራ ሠርተው ማታ መኪናቸውን የሚያስተካክሉ። ትኬቱ ርካሽ ነው። ስትገዙ ፒት የሚያስገባውን ጠይቁ። አጎቴ በጸደይ እዚያ እንድንሄድ ከአሁኑ ቀን ቆርጠዋል፤ መምጣት የምትፈልጉ ካላችሁ መኪናው ውስጥ ሁለት ቦታ አለ።